ብለምናችሁም አትስጡኝ

ኢንሱሊን ሽታ አለው ስል የሚስቅብኝ ሰው ብዙ ነው። አለው። አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ከቁስል ፕላስተር ሽታ ጋር የሚቀራረብ፣ አንዴ ቤቱ የገባበት ሰው እስኪሞት የማይረሳው ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን እዚሁ ነገሌ፣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው መድኃኒት ቤት የግፊት ኪኒኔን ልገዛ ተሰልፌ ሳለሁ ድንገት መጣብኝ። ከፊቴ ከቆሙ ሽማግሌ እጅ ብልቃጥ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተሰብሯል። እኔ እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምፈልገው መደገፊያ ነው፤ የባንኮኒውን ጠርዝ ያዝኩ። የባለቤቴ የጂሎ ሸሚዝ፣ የጓዳችን እርጥብ አሸዋ፣ ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ "ቲቸር፣ ዛሬ የት ጋ ልውጋው?" ሲለኝ፣ ሁሉም ባንድ ትንፋሽ ተመለሰ። ቀና ስል ሽማግሌው ጋሽ ዋሪዮ ናቸው።

"አካም ቲቸር፣ ናጋ?" አሉኝ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ።

"ናጋ፣ ጋሽ ዋሪዮ። ለማን ነው መርፌው?"

"ለእኔ ነዋ። ስኳር ሳልቀምስ ስኳር ያዘኝ።" ሳቁ። "ጂሎ ቢሰማ ምን ይል ይሆን?"

ጋሽ ዋሪዮ የጂሎ ጓደኛ ናቸው። ሜጋ አጠገብ ካለው ከአንድ ጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ያደጉ፣ ኋላም ጂሎ ሹፌር፣ እሳቸው የጨውና የስኳር ነጋዴ ሆነው ባንድ መኪና አገር ያቋረጡ ሰዎች ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሜጋ ያለውን ሱቅ ዘግተው ነገሌ ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። ፋርማሲስቷ ተነጫንጫ ሌላ ብልቃጥ ስትሰጣቸው ወደ እኔ ዞር አሉና፣ "ሐኪሙ መርፌውን ካስጀመረኝ ሰነበተ፤ ነርሷ ግን ስታወራ መኪና የሚያመልጣት ነው የሚመስለው፣ አልገባኝም። አንቺ ለጂሎ እንዳስረዳሽው አድርገሽ አስረጅኝ። ያገር ልጅ አስተምረሽ የለ እንዴ" አሉኝ።

"እሺ" አልኩ። ከእሺ ሌላ ምን አለኝ? ያ ትምህርት ግን ሁለት አጋማሽ አለው። የመጀመሪያውን ለተማሪውም ለጎረቤቱም ስለፈልፍ ኖሬያለሁ፤ ሁለተኛውን ግን እኚህ ሰው ባሉበት አንስቼው አላውቅም። ጂሎ ከሞተ ጀምሮ እኚህን ሰው ከዚያ ነገር ስሸሽግ ነው የኖርኩት። አሁን ሳልነግራቸው ብቀር መርፌው አንድ ቀን ይገድላቸዋል። ብነግራቸው ደግሞ ቀሪ ዕድሜያቸውን ምን ይዘው እንደሚኖሩ አውቃለሁ። "ቤት እንሂድና እናውራ" አልኳቸው።

ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ቤቴ ለባጃጅ የሚያንስ፣ ለእግር የሚበዛ መንገድ ነው። በእግር ካልሆነ አልሄድም አሉ። ዛሬ ባንኩ የቆመበት ጥግ ያኔ የጭነት መኪኖች ተራ ነበር። አሁን ከላይ እስከ ታች መስታወት ብቻ የሆነው ሕንፃ ባለበት አንዲት የቆርቆሮ ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በስሙኒ፣ የስኳሩ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ፣ ማንኪያው በክር ታስሮ። የፈለጋችሁትን ያህል ነበር የምትጨምሩት። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ደግሞ የከተማው ገበያ የወታደር ዕቃ ብቻ ሆኖ ነበር ብል አላጋነንኩም። ካኪ ጃኬቱ፣ ኮዳው፣ የአሉሚኒየም ሳህኑ፣ የሽቦ አልጋው ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይቸበቸባል፤ ፍየል ጠባቂው ሁሉ የመኮንን ኮት ለብሶ ይሄድ ነበር። በጦር ካምፑ ዙሪያ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከየት ከየት መጥተው ይኖሩ የነበሩት ቤተሰቦች ፍራሻቸውን ጠቅልለው በየመኪናው ላይ ተሳፈሩ። አባቴ የወሎ ሰው ነው፣ ወታደር ነበር፤ እናቴን ይዞ አገሩ ሊገባ ተነሣ። እኔ ግን ከኮሌጅ ወጥቼ ባዮሎጂ እንዳስተምር የተመደብኩት እዚሁ ባደግሁበት ከተማ ነበርና እቀራለሁ አልኩ። "ማን አለሽና ነው የምትቀሪው?" ብላ እናቴ አለቀሰች። ፍራሿን የጫነላት የኤንትሬው የጭነት መኪና ሹፌር በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ "እኔ አለሁ" አለ። ማንም አልጠየቀውም። እናቴ እንደ ተቀየመችው ነው የሄደችው፤ ያ ሹፌር ጂሎ ነበር።

ረዥም፣ ቀጭን፣ ፍንጭት ጥርስ ነበር። ቴትረን ሱሪውን በየጉዞው ያስተኩሳል፤ አቧራ ለአቧራ ለሚውል ሰው ምን ይሉታል ይኼን? ከሞያሌ የሚያመጣው ሸሚዝ ቀለሙ ከሩቅ ይጣራል። መኪናው ውስጥ አንዲት ካሴት ነበረችው፣ የኬንያ ዘፈን፤ ቋንቋውን አያውቅም፣ ግን አብሮ ይዘፍናል። ክሩ በተጎተተ ቁጥር በእስክሪብቶ ይጠመጥመውና እንደገና ከመጀመሪያው። የሻዩን ነገርማ አታንሡብኝ። ማንኪያው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ስኳር አልገባበትም ነበር የሚለው። የሻይ ቤቷ ባለቤት እሱ ሲመጣ ጣሳውን ደበቅ ታደርግ ነበር፤ እሱ ደግሞ ያውቅባታል፣ ከመኪናው ከተበሳ ጆንያ በወረቀት ቋጥሮ ይመጣል። ወይ ጂሎ።

አስራ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። መጽሐፉ ፋሲሊቴትድ ዲፊውዥን የሚለውን ነገር እኔ "በበር መግባት" እለዋለሁ። ሰውነታችን የተሠራባቸው ሴሎች እያንዳንዳቸው በስስ ቅባት የታጠሩ ናቸው፤ ስኳር ያንን ቅባት ሰንጥቆ መግባት አይችልም። አጥሩ ላይ ግን ለስኳር የተሠሩ በሮች አሉ። ስኳሩ ከበዛበት ወገን ወዳነሰበት ወገን በነዚያ በሮች ያልፋል፤ የሚገፋው የለም፣ ሴሉም ጉልበት አያወጣበትም፤ በሩ ብቻ ይኑር። ይህን ስናገር ልጆቹ ያፈጡብኛል፣ ፈተና ላይ ደግሞ ሴሉ ጉልበት አውጥቶ ከሚያስገባበት ከአክቲቭ ትራንስፖርት ጋር ያደባልቁታል። ለጂሎ እያማረርኩ ብነግረው "ነይ እኔ ላሳይሽ" ብሎ ሜጋ አጠገብ ወደ አባቶቹ ኤላ ወሰደኝ። ኤላ የቦረና ጥልቅ ጉድጓድ ነው። መሬቱ ተቦርቡሮ ከብቱ የሚወርድበት ረዥም ቁልቁለት አለ፤ ታች ገንዳ፣ ከገንዳው ሥር ጉድጓዱ። ጎረምሶቹ እርከን በእርከን ቆመው፣ ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ወደ ገንዳው ያወጣሉ። ላይ ከቁልቁለቱ አፍ አባ ሄሬጋ የሚሏቸው የተራ አዛዥ ቆመው በሩን ይከፍታሉ። ጂሎ በኩራት ዘፋኞቹን አሳየኝና "ይኸው ትምህርትሽ" አለኝ።

"አይደለም" አልኩት። አስተማሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ። "እነዚህ ልጆች ውሃውን ሽቅብ ነው የሚያወጡት፣ ላባቸውን እየው። ይኼ አክቲቭ ትራንስፖርት ነው። የእኔ ትምህርት ያኛው ነው።" ከብቱን አሳየሁት። ውጪ ታጭቆ ያገሳል፤ በሩ ሲከፈት ማንም ሳይገፋው በቁልቁለቱ ይወርዳል። ውጪ ያለው የቱን ያህል ቢበዛ በሩ ባንዴ የሚያሳልፈው ያችኑ ያህል ነው። ጂሎ አኩርፎ በሩን እያሳየኝ "ከብቱ ሁሉ ገብቶ ካለቀስ? በሩ ተከፍቶ ውጪው ባዶ ቢሆንስ?" አለኝ። "ያኔማ በር ምን ያደርጋል" አልኩት፣ ተሳሳቅን። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን በኤላው ነው የማስተምረው፤ የቆላ ልጆች ባንድ ጊዜ ይገባቸው ጀመር። ችግሩ ፈተና ላይ ስኳር የሚያሳልፈውን ፕሮቲን "አባ ሄሬጋ" ብለው መጻፋቸው ነበር። አንድ ከመሃል አገር የመጣ ባልደረባዬ ሁሉንም ኤክስ አደረገባቸውና ተጣላን።

ተጋባን። ልጅ አልሰጠንም። በኋላ ጂሎ ውሃ መጠጣት ጀመረ። በጆግ ይጠጣና መልሶ ጠማኝ ይላል፤ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ አበጀ፣ ደግሞ ሌላ። ጓሮ የሸናበት ላይ ጉንዳን ሲሰለፍ አየሁና ገባኝ። ሐኪሙ ያረጋገጠ ቀን ለጂሎ ማስረዳት የእኔ ሥራ ነበር። ስኳሩ ደምህ ውስጥ ሞልቷል፣ የጡንቻህ ሴሎች ግን እየተራቡ ነው፤ በሮቹን ወደ አጥሩ የሚያስወጣው ኢንሱሊን የሚባለው አዛዥ አልቆብሃል አልኩት። ጥቂት አሰበና "አባ ሄሬጋዬ ሞቷል በይኛ" አለ። "ሞቷል። ከብልቃጥ ሌላ እናመጣለን" አልኩት። የሳቀ መስሎኝ ነበር፤ ሳየው እያለቀሰ ነው።

እሱ ግን ራሱን የሚያውቅ ሰው ነበር። ስኳር ባየ ቁጥር እጁ እንደሚሄድ ያውቃል። አንድ ጠዋት እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ መኪና ተራው መጣ፤ እዚያ አገር ሣር ይዞ የሚለምን ሰው ልመናው ቀላል አይደለም። ሹፌሮቹን፣ ጫኞቹን፣ የሻይ ቤቷን ባለቤት፣ በሽማግሌነት ደግሞ ጋሽ ዋሪዮን ፊቱ አቁሞ "ስኳር ጠላቴ ሆኗል። እኔን አትመኑኝ፤ ብለምናችሁም አትስጡኝ" አላቸው። ምለው ቃል ገቡለት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የዚያ ተራ ሰው ደግሞ የገባውን ቃል እንደ ልጁ ነበር የሚጠብቀው። ከዚያ ወዲህ ሞያሌም ውረዱ፣ ክብረ መንግሥትም ውጡ፣ ጂሎ የሚገባበት ሻይ ቤት ሁሉ ስኳሩ ሳይጠራ ይነሣ ነበር።

እኔ ደግሞ ሌላው ሥራ ነበረብኝ። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፣ ነገሌ ደግሞ ሙቀት ነው። የከተማው ጄኔሬተር ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይተኛል፤ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ራሱ ልብሱን ነበር የሚያስቀምጥበት። ጓዳ ውስጥ ትልቅ ማሰሮ በአሸዋ ሞልቼ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ማሰሮ ቀብሬ፣ አሸዋውን ጠዋት ማታ ውሃ እያጠጣሁ ብልቃጦቹን እዚያ አሳድር ነበር። ለጉዞ ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙስ ነበረው። እንዲህ አድርገን ብዙ ዓመት ኖርን፤ ደህና ዓመታት ነበሩ፣ አሁን ሳስበው ከሁሉ ደህናዎቹ። ለመንገድ ሲነሣ የሸሚዙን ኪስ በከረሜላ እሞላለታለሁ። መርፌው አንዳንዴ ከመጠን በላይ ይሠራል፤ ምግብ ከዘገየ፣ ጉልበት ከበዛ፣ ጡንቻው ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ሙልጭ አድርጎ ይወስድና አንጎል ባዶ ደጅ ላይ ይቀራል። ያኔ አፍ ውስጥ የሚጣል ጣፋጭ ነው የሚያድነው። ይህን ለጂሎ ነግሬዋለሁ፣ አሳምሮ ያውቃል። ለጓደኞቹም እንደነገራቸው ነበር የማስበው። እሱ ግን ሣር ይዞ ካስማላቸው ሰዎች ፊት ከረሜላ ይዤ እዞራለሁ ማለት አፍሮ ኖሯል። "ለልጆች ነው" ይላቸው ነበር። ውሸት እንዳይሆንበት ደግሞ እውነትም ለልጆች ይሰጣል፤ ወደራ ከተማ ላይ የመኪናውን ጥሩምባ ሲሰሙ ከየአጥሩ ሥር እየወጡ ይሮጡለት ነበር። በተመለሰ ቁጥር ኪሱ ባዶ ነው።

የመጨረሻውን ጉዞ እኔ አላየሁትም። ጋሽ ዋሪዮ ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የተረኩት። ከነገሌ ወደ ሜጋ በሚያቋርጠው የአፈር መንገድ የጋሽ ዋሪዮን ስኳር ጭነው እየሄዱ ሳለ ዝናብ መጣ፤ ኤንትሬው እስከ ጎማው ጭቃ ገባ። ጂሎ ጠዋት መርፌውን ተወግቷል፣ ቁርስ ከፊታችን ካለው መንደር እንበላለን ብለው ሳይበሉ ነበር የተነሡት። አካፋ ይዞ ሲቆፍር፣ ድንጋይ ሲያመላልስ ረፈደ። "ከዚያ ላብ አጠመቀው" አሉ ጋሽ ዋሪዮ። "እጁ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ የሰው አልሆነም። 'ስኳር ስጠኝ' አለኝ። አስምለኸን የለም ወይ አልኩት። መኪናው ላይ ወጥቶ ጆንያውን በጥርሱ ሊቀድ ሲል እጁን ያዝኩት። ታገለኝ፣ ሰደበኝ፤ አለቀቅኩትም። ስኳሩ ይገድልሃል፣ ቃሌን አላፈርስም አልኩት። እቅፌ ውስጥ ነው ያረፈው። እስከ መጨረሻው ቃሉን ጠበቅኩለት፣ ቲቸር።" ለቀስተኛው "እንዲህ ነው ወንድም" አላቸው። ሽማግሌዎች መረቋቸው።

እኔ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ላቡን ሲሉ ገባኝ፣ እጁን ሲሉ ገባኝ፣ ስድቡን ሲሉ ልጮህ ደረስኩ። አንድ ጭብጥ ስኳር። የተቀመጡበት ሁሉ ስኳር ነበር። ግን ጋሽ ዋሪዮ ዓይኔን እያዩ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቁ ነበር፤ "ገድለውታል" ብዬ ለኚህ ሰው ልንገር? ሆድ ይፍጀው አልኩና ፈጀው። በኋላ ሸሚዙን ሲያመጡልኝ ኪሱ ውስጥ አንድ ባዶ የከረሜላ ወረቀት ብቻ ነበር። ጋሽ ዋሪዮ ከዚያ ቀን ጀምረው ስኳር በአፋቸው አልዞረም፤ ሻይም ቢሆን መራራውን ነው የሚጠጡት። ለጂሎ ብለው ነው። በየዓመቱ ሙት ዓመቱን አስበው ይመጣሉ፣ መራራ ሻያቸውን ፉት ይላሉ፣ ያንኑ ታሪክ ይነግሩኛል፣ እኔም እሰማለሁ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ቤት ደረስን። በረንዳው ላይ ወንበር አወጣሁላቸው። ስኳር የሌለው ሻይ ቀዳሁና ጀመርኩ፤ አጥሩን፣ በሩን፣ የሞተውን አባ ሄሬጋ፣ ከብልቃጥ የሚመጣውን። "ጂሎም እንዲህ ነበር የሚያስረዳኝ" አሉ ደስ ብሏቸው። ልቤ እየፈራ የመጀመሪያውን አጋማሽ ጨረስኩ። እዚህ ላይ ላቁም፣ ሌላውን ለልጃቸው እነግራታለሁ፣ ዘዴ አይጠፋም እያልኩ ነበር። ቀና ብዬ ሳያቸው ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በረንዳው ጥላ ነው፣ ነፋሻ ነው። ብርጭቆውን ሊያነሡ ሲሉ ሻዩ ሽርጣቸው ላይ ፈሰሰ።

"ጋሽ ዋሪዮ፣ ዛሬ ተወግተዋል?"

"ጠዋት።"

"ቁርስስ?"

"ሰልፉ ነዋ ያስረፈደኝ። ምን ትጨቀጭቂኛለሽ አንቺ ደግሞ!" ብለው ጮኹብኝ። ጋሽ ዋሪዮ በሕይወታቸው ጮኸውብኝ አያውቁም።

ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስኳር ገለበጥኩ፣ ስንት ማንኪያ እንደሆነ እንጃ። አፋቸው ላይ ሳደርሰው ጣፋጩ ከንፈራቸውን ነካው መሰል አፋቸውን ገጠሙ። "ስኳር ነው" አሉ።

"ስኳር ነው፣ ይጠጡ።"

"ለስኳር በሽተኛ? ጂሎ እየለመነኝ ያልሰጠሁትን እኔ ልጠጣ?" እጄን ገፉት። ግማሹ ፈሰሰ። ዓይናቸው ከእኔ አልፎ ሌላ ቦታ ማየት ጀምሮ ነበር፤ እንኳን ክርክር፣ ስሜን ከጠሩኝም ጥሩ ነው። ስንት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር ቁጭ ብዬ፣ ቃል መርጬ፣ አለስልሼ የምናገርበት ጊዜ አልነበረኝም። ክፍል ውስጥ በምጮህበት ድምፅ ጮኽኩ።

"ጂሎን የገደለው ይኼ ነው! ስኳር በዝቶበት አይደለም፣ አጥቶ ነው የሞተው። ላቡ ይኼ ነበር፣ ስድቡ ይኼ ነበር። እርስዎን ደግሞ አልቀብርም። አፍዎን ይክፈቱ።"

ገብቷቸው ይሁን ደንግጠው አላውቅም፣ ከፈቱ። ብርጭቆው ከጥርሳቸው ጋር እየተጋጨ የቀረውን ጠጡ። ሌላ ጨመርኩላቸው፣ እሱንም ጠጡ። ከዚያ የሚደረግ ነገር የለም፤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጃቸውን ይዤ ጠበቅሁ። ከአጥሩ ማዶ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች በመንገድ ይከራከራሉ። የጎረቤት ዶሮ በረንዳው ላይ ወጥታ የፈሰሰውን ጣፋጭ ውሃ ቀመሰች። ቀስ በቀስ እጃቸው በእጄ ውስጥ መንቀጥቀጡን ተወ። ላቡ ደረቀ። ዓይናቸው ተመልሶ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ባዶውን ብርጭቆ። አንጎላቸው የተራበውን አግኝቶ ነበር፤ ሲጠግብ ደግሞ ማሰብ ጀመረ። ፊታቸው ላይ ሲደርስ አየሁት። ላስቆመው አልችልም ነበር።

"ቲቸር" አሉኝ።

"አቤት።"

"እንዲህ ቶሎ ነው?"

ዕድሜ ልኬን ጥያቄ ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንደዚያ ቀን መልስ ከብዶኝ አያውቅም። "አዎ፣ ጋሽ ዋሪዮ" አልኳቸው፣ "እንዲህ ቶሎ ነው።"

ቀኝ እጃቸውን ከእጄ አውጥተው መዳፋቸውን ገልብጠው ብዙ አዩት። "ታውቂ ነበር?" አሉኝ። አውቅ ነበር አልኳቸው። ለምን አልነገርሽኝም አላሉም። "መኪናው ሙሉ ስኳር ነበር" አሉ ብቻ፣ እና ሽርጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያስቀረሁትን፣ በየሙት ዓመቱ በመራራ ሻይ የዋጥኩትን ሁሉ አለቀስኩት። ቃልዎን ነው የጠበቁት፣ ጂሎ ራሱ ነው ያስማለዎት አልኳቸው። ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም።

ምግብ አቀረብኩ፤ እንደ ታዛዥ ተማሪ በሉ። ልጃቸው ልትወስዳቸው ስትመጣ እሷንም አስቀምጬ ሁለተኛውን አጋማሽ ከመጀመሪያው አስተማርኩ፤ ላቡን፣ መንቀጥቀጡን፣ ቁጣውን፣ ቁርስ ሳይበሉ አለመወጋትን። ጋሽ ዋሪዮ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። ሲነሡ የሸሚዛቸውን ኪስ ከፈትኩና ቤት የነበረውን ከረሜላ ሞላሁላቸው። እጃቸው ወደ ኪሱ ሄዶ እዚያው ቀረ።

"ለልጆች እንዳይሰጡ" አልኳቸው።